ፍየል ያልነካው አረንጓዴ

«መሬቱ ራቁቱን ከሚቀር ማንኛውም አረንጓዴ ይሻለዋል።» ይህ አባባል በደረቁ የደጋና የወይና ደጋ አገራችን እንደ ሕግ የተከበረ ነው። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይለዋል፤ የወረዳው ኃላፊ በስብሰባ ይደግመዋል፤ የእርዳታ ድርጅቱ ባለሙያ በሪፖርቱ መግቢያ ያሰፍረዋል፤ ከተሜውም ከመኪና መስኮት ተራራ ባየ ቁጥር ይለዋል። የሚከራከርበት ስለሌለ የሚመረምረውም የለም። እኔ ልከራከርበት ነው። ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ገደማ ወራሪ ዕፅዋትን በማስፋፋት ረገድ ይህ አባባል ከነፋስም ከጎርፍም ያልተናነሰ ሥራ ሠርቷል፤ አሁንም እየሠራ ነው።

መጀመሪያ፣ አረንጓዴ ሲባል በየትኛው ወር የታየ አረንጓዴ ነው? በነሐሴ ማንኛውም ተራራ ለምለም ነው። ጥያቄው የጥር ነው። የዋግን፣ የራያን፣ የምሥራቅ ትግራይን ወይም የሐረርጌን ተረተር በጥር የሚያይ ሰው ቢጫና ቡናማ ያያል፤ ይህንንም እንደ በሽታ መቁጠር ለምዶብናል። ዝናቡ በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ በሚጥልበት አገር ግን የሣሩ ጤና ይኸው ቢጫው ነው። ሰንበሌጡ ዘሩን አራግፎ እንደቆመ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን አፈሩን ጨብጦ ይከርማል። አገዳው ለከብት ይሆናል፣ ለቤት ክዳን ይሆናል፤ ዝናብ ሲጥል ከዚያው ጉቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። በዚህ አገር በጥር አረንጓዴ ሆኖ የሚገኝ ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥሩን አጥልቆ የሰደደ፣ ዝግ ብሎ ያደገ ዛፍ ነው፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ። እነዚህን አብዛኛውን ቆርጠን ጨርሰናቸዋል። ሁለተኛው የሚበላው አጥቶ የቀረው ነው።

የሚበላው ያጣ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ልቅ ግጦሹን ማሰብ ይበቃል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ፣ በጉና ፍየሉ ማሳውንም ተራራውንም ይወርሳል። መጀመሪያ የሚያልቀው ጣፋጩ ሣር ነው። ከዚያ ቅጠላ ቅጠሉ፣ ከዚያ የወይራውና የዋንዛው ቡቃያ ይከተላል። ግንቦት ላይ ቆሞ የሚገኘው ፍየል እንኳ ቀምሳ የተወችው ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የሚበላው ዘር ሳያፈራ ያልቃል፣ የማይበላው ዘሩን እንደልቡ ይበትናል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የተራራው ሽፋን አልቀነሰም። ለላሟ ግን ተራራው የለም።

እንግዲህ ችግኝ የምንተክለው በዚህ ተራራ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ዓለም ተደነቀ፤ ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ቁጥር እንሰማለን። ቁጥሩን ልጠራጠር አልመጣሁም። ጠንቀቅ ያለ ሰው «ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ብልህ ይመስላል፣ ጋዜጠኛም ይወደዋል። የእኔ ክስ የሚያርፈው ግን በዚሁ ብልህ በሚመስለው ጥያቄ ላይ ነው። ውኃ የሚያጠጣው፣ አጥር የሚያጥርለት በሌለ ቁልቁለት ላይ የትኛው ችግኝ ነው የሚጸድቀው? ፍየል የማይበላው ነው፤ ቶሎ የሚያድገው ነው፤ የተራቆተ አፈር የማይበግረው ነው፤ ገና በልጅነቱ ዘር ማራገፍ የሚጀምረው ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ወራሪን ከሌላው የሚለዩት በእነዚሁ ጠባዮች ነው። የጽድቀት ሪፖርታችን እንግዲህ ወንፊት ሆኗል፤ አገር በቀሉ ሾልኮ ይወድቃል፣ ለወራሪነት የተመቸው ላይ ይቀራል፣ እኛም ላይ በቀረው እንመሰገናለን። ባለሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚለካበት ቁጥር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ሄደው መጨረሻውን ያዩ አሉ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን ዙሪያ ያለውን በነፋስ የሚነዳ አሸዋ ለመያዝ ሲባል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ተተከለ። አካሺያ ሳሊግና ይባላል። አሸዋውን ያዘ፤ ሥራውን ሠራ። ከዚያ ግን አላቆመም። ፊንቦስ በሚባለውና በዓለም ሌላ ቦታ በማይገኙ ዝርያዎች በሞላው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፣ አፈሩን በናይትሮጅን አወፈረው፣ በድሃ አፈር ላይ መኖር የለመዱት አገር በቀሎች መኖሪያቸውን አጡ። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይተኛል፤ ቆርጠውት እሳት ሲያልፍበት በገፍ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከአውስትራሊያ በሽታ አምጪ ፈንገስ አስመጥተው እስኪለቁበት ድረስ ተቸገሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ መንግሥት ወራሪ ዛፎችን የሚመነጥሩ ሠራተኞችን በብዛት የሚቀጥር ፕሮግራም ጀመረ። አያቶች ገንዘብ ከፍለው ያስተከሉትን የልጅ ልጆች ገንዘብ ከፍለው ያስነቅላሉ። ይኸው ሳሊግና በትግራይ ቁልቁለቶች ላይ ለአፈር ጥበቃ ተተክሏል። እንደ ኬፕ ታውኑ ይሆናል ብዬ አልምልም፤ አየሩም አፈሩም ይለያያል። ስንተክለው ግን ጥያቄውን ሳንጠይቅ ነው የተከልነው፤ አረንጓዴ ነበርና።

ፕሮሶፒስ የተባለውን የአፋሩን ዛፍ ሁሉም ስለሚያውቀው አላረዝምም። በረሃውን ሊያቆምልን፣ ጥላና ማገዶ ሊሆነን በበጎ ፈቃድ መጣ፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የአፋር መሬት ይዟል። ከብቶቹ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በእበታቸው ይበትኑለታል፤ ቅጠሉን ግን አይነኩትም። ቆላ ነው፣ ደጋውን አይመለከትም የሚል ይኖራል። ተክሉ አይመለከተውም፤ ያመጣው ዓረፍተ ነገር ግን ያው ነው። «እንግዲህ መጥቷልና እንጠቀምበት» የተባለውም ፈሊጥ መጨረሻው አላማረም፤ በፕሮሶፒስ ከሰል ስም የአገሩ ግራር ጭምር ከሰለ።

ለደረቁ ደጋ የቀረበውና የከፋው ምሳሌ በወሎ በኩል ገበሬው ቅንጨ አረም የሚለው ፓርቲኒየም ነው። ይህንን ማንም አልተከለውም። ከኢትዮጵያና ሶማሊያ ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ወይም ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ ይነገራል። ሆኖም የቀረው ሁሉ የእኛ ሥራ ነው። አንዱ እግር ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ያፈራል። እርጥበት ካገኘ ወቅት አይመርጥም፤ የበልግ ካፊያ ይበቃዋል፣ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ያብባል። አገር በቀሉ ሣር ክረምቱን ሲጠብቅ እሱ ቀድሞ መሬቱን ይዟል። ታች ያለው ቅጠሉ ክብ ሠርቶ መሬት ላይ ስለሚነጠፍ ከሥሩ የሚበቅለውን ብርሃን ይከለክለዋል፤ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው መርዝ ደግሞ የጎረቤቱን ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል። ከብት አይበላውም፤ ቸግሮት ከበላውም ወተቱ ይመራል። የሚነቅለው ሰው ቆዳው ያብጣል፣ ያሳክከዋል።

ስለ ፓርቲኒየም ሲወራ ዘወትር የሚጠቀሰው የእህል ጉዳት ነው፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ሙከራ ሳይታረም የቀረ የማሽላ ማሳ ምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል። ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ማሽላ ባለቤት አለው፤ ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ ወጥቶ ያርምለታል። ባለቤት የሌለው የግጦሹ መሬት፣ የመንገዱ ዳር፣ የእርከኑ ጥግ ነው። እዚያ የሚጠፋው ስም ያለውም ስም የሌለውም ነው፤ ሰርዶው፣ ማጌቱ፣ ለመድኃኒት የሚለቀመው ቅጠል፣ ንብ የምትቀስመው አበባ። በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬቶች ላይ የተደረገ ጥናት አረሙ በበዛበት ቦታ ከላይ ያለው ሣር መመናመኑን፣ በአፈሩ ውስጥ የተከማቸውም ዘር በአብዛኛው የአረሙ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ልብ ላለ ሰው በየወረዳው የሚጠራው የነቀላ ዘመቻ ለምን እንደማይሳካ ግልጽ ነው። ሕዝቡ አንድ ቀን ወጥቶ ይነቅላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ሣሩ እንዳይመለስ ከብቱ በማግሥቱ ይለቀቅበታል። ራቁት መሬት ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚበቅለው በአፈሩ ውስጥ ዘሩ የበዛው ነው። «ቢያንስ አፈሩን ይሸፍናል» የሚሉኝም አሉ። አይሸፍንም። ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲደርቅ ብትንትን ብሎ ይጠፋል፣ ቀጣዩ ዶፍ የሚያገኘው ያልተያዘ አፈር ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ፦ «አንተ የምትጠላው መጤን ነው፤ በቆሎስ፣ ድንችስ፣ በርበሬስ ከየት መጣ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም በመጤነት አልከስም። የትግራይ በለስ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ቁልቋል ነው፤ በክረምት፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት ስንቱን ቤተሰብ አሻግሯል። ቀይ ቀለም ለማምረት ሆን ተብሎ የገባ ነፍሳት ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ በለሱን ሲያደርቀው ያዘነው ገበሬ ስለ መጤነቱ አላሰበም። ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ መጤ ነው፤ እንደሚሰደበው አይደለም። ካልተከሉት በቀር በራሱ ሜዳ አቋርጦ እምብዛም አይስፋፋም። ፈየራ ሰንበታና ደመል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት በመናገሻ ሱባ በሰው እጅ በተተከሉ ደኖች ሥር፣ የባሕር ዛፉን ጨምሮ፣ አገር በቀል ዛፎች በብዛት ሲበቅሉ አግኝተዋል። ዘር የሚያመጣ ወፍ የሚነሣበት የተፈጥሮ ደን ቅርብ ስለነበረ ነው።

አገር በቀልም ሆኖ ፍየል የማይበላው አለ። ክትክታ አይበላም፤ ደደሆ ብዙም አይበላም፤ በተጋጠው ተራራ ላይ በብዛት የሚታዩትም እነሱ ናቸው። ብዙ ባለሙያ ደደሆን እንደ ውርደት ምልክት ያያታል፤ ለችግኝ ጉድጓድ ቦታ ለማግኘት ያስመነጥራታል። እንዴት ያለ ጥፋት ነው! ቤልጂጋዊው ራፍ አርትስና ባልደረቦቹ በትግራይ የወይራን ችግኝ በሜዳ ላይና በቁጥቋጦ ሥር ተክለው አነጻጽረው ነበር። በቁጥቋጦ ሥር ያሉት የተሻለ ተርፈዋል፤ ደደሆም ከእነዚህ ቁጥቋጦዎች አንዷ ናት። ጥላዋ ፀሐዩን ታበርዳለች፣ የፍየልን አፍ ታርቃለች፤ ወፍ ያርፍባታል፣ የወይራ ፍሬ ውጦ መጥቶ ከሥሯ ይጥላል። ያቺ የተናቀች ቁጥቋጦ የነገውን ዛፍ የምታሳድግ ሞግዚት ናት።

ስለዚህ የምጠይቀው የትውልድ ማስረጃ አይደለም፤ ከተክሉ ሥር ምን ይበቅላል የሚለውን ነው። ይህን ጥያቄ ይዞ የሚወጣ ሰው በአንድ ተረተር ላይ ብዙ ነገር ይለይለታል። ከደደሆ ሥር ወይራ ያገኛል። በደን አጠገብ ካረጀ ባሕር ዛፍ ሥር እምብስና ቀጋ ሊያገኝ ይችላል፤ ከደን በራቀ፣ በየጥቂት ዓመቱ በሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ደረቅ ቅጠል ብቻ። ከፓርቲኒየም ሥር ፓርቲኒየም ያገኛል። የወፍ ቆሎ ወደሚባለው ላንታና ሲደርስ ደግሞ እንዴት በአበባ እንደተታለልን ይገባዋል። ለግቢ ጌጥና ለአጥር ብለን ያመጣነው ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው ወፎች ፍሬውን ይወዱታል፣ ከከተማ አጥር አንስተው ወደ ተራራው ይዘውት ይወጣሉ። በተራራው ላይ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ብርሃን የማያሳልፍ ጥሻ ይሠራል፤ ከብት ከበላው ጉበቱ ይጎዳል። ሥሩ ገብቶ ለሚያይ ባዶ መሬት ነው። ከአውሮፕላንና ከሳተላይት ግን እንዴት ያለ ያማረ አረንጓዴ!

የተቃዋሚዬን ጠንካራ ነጥብ አልሸሽም። አፈሩ አይጠብቅም፤ እያንዳንዱ ክረምት የማይመለስ ለም አፈር ይጠርጋል፤ ጽድና ወይራ እስኪያድጉ የሚታረስ ላይቀር ነው ይላል። መታደግ ያለበትን ነገር በትክክል ለይቷል። የተሳሳተው አፈርን ቶሎ የሚይዘው ፈጣን ዛፍ ነው ብሎ በማሰቡ ነው። በደረቅ ደጋ አፈርን መጀመሪያ የሚይዘው ሣር ነው። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተደርገው በተከለሉ የትግራይና የወሎ ቁልቁለቶች ላይ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ሣሩ ማንም ሳይተክለው ተመልሷል፤ ከላይ የሚወርደውን ደለል አስቀርቷል፣ ከታች የደረቁ ምንጮች የጎለበቱበትም አለ። አብርሃ ወአጽብሓ የተባለችው የትግራይ ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምን የኢኳተር ሽልማት ያገኘችው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። እዚያው ላይ በችኮላ ችግኝ ለመትከል ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው የተመለሰውን ሣር ይነቅላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ይህን ስል ክለላ ከጸጸት ነፃ ነው እያልኩ አይደለም። ተራራው ሲዘጋ የሚጎዳው አምስት ፍየል ይዞ መሬት የሌለው ወጣትና ባሏ የሞተባት ሴት ናቸው፤ በሬና ማሳ ያለው ገበሬ ገለባ አለው። የታጨደው ሣር ለማን ይከፋፈል የሚለው ክርክር በየቀበሌው የሚያጣላ፣ ፖለቲካ ያለበት፣ ስብሰባ የሚያስመሽ ክርክር ነው። ይመስለኛል፣ ችግኝ የምንቆጥረውም ከዚህ ክርክር ለመሸሽ ነው። ችግኝ አይጣላም። ማንንም ከግጦሹ ሳያስወጣ በአንድ ቀን ይተከላል፤ ቀሪውን ፍየሏ ትጨርሰዋለች፤ የማትጨርሰው ደግሞ ከላይ ያወራነው ዓይነት ይሆናል። ልቅ ግጦሽን ሳይነኩ ተራራ አረንጓዴ አደርጋለሁ የሚል ዕቅድ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ የማይበላ ተክል ዕቅድ ነው።

አገር በቀሉ ራሱ ይመለሳል የሚሉም አሉ፤ ከልሎ መተው ብቻ ይበቃል ባዮች። እነዚህም ከእኔ ወገን ሆነው ይሳሳታሉ። ደመል ተከታይና አንደርስ ግራንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ደረቅ ደጋ ደኖች የአፈር ዘር ክምችት ያወጡት ጥናት እንዳሳየው በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ነው፤ አብዛኞቹ ዋና ዋና ዛፎች ዘራቸውን አያከማቹም። እናት ዛፉ ከተቆረጠ ተስፋው በወፍ ሆድ ወይም በሰው እጅ የሚመጣ ዘር ነው። በሰሜኑ ደጋ ይህ ዘር ያለው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ደብሮች ላይ ባደረገው ጥናትና ባሠራው የድንጋይ አጥር ከብት መከልከሉ ብቻ ለቡቃያ ምን እንደሚያደርግ አሳይቷል። እዚያው ደብር ውስጥ ደግሞ ለገቢ ሲባል ባሕር ዛፍ ከጽዱ ጎን ሲተከል ይታያል። ለዚህ ካህናቱን አልወቅስም፤ ጣሪያ የሚያፈስ ደብር ገንዘብ ይፈልጋል። ለአካባቢው ተራራ ሁሉ ዘር የሚሰጥ ደብር ስለ ዘሩ ምንም ሳይከፈለው መቅረቱን ነው የምወቅሰው።

አገር በቀል ችግኝ ማፍላት ደግሞ ሙያ ይጠይቃል። የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ካልተሰበረ በቶሎ አይበቅልም፤ የጽድ ዘር ብዙው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህ ነው፤ ዘዴው ታትሞ በእጃችን አለ። ያልተስተካከለው የበጀት ቀን መቁጠሪያችን ነው። የመንግሥት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የባሕር ዛፍ ችግኝ በጥቂት ወራት ለተከላ ስለሚደርስ በዚህ ዓመት ተገዝቶ፣ በዚህ ዓመት ፈልቶ፣ በዚህ ዓመት ይወራረዳል። ጽድና ወይራ በችግኝ ጣቢያ ውስጥ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መቆየት ስለሚፈልጉ ከአንድ በጀት ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ የሚሻገር ወጪ ደግሞ ኦዲተር አይወድም። የጣቢያው ኃላፊ ስለዚህ የሚደርስለትን ያፈላል። ክርክሩ መደረግ ያለበት በሐምሌ፣ ባለሥልጣን አካፋ ይዞ ፎቶ በሚነሣበት ቀን አይደለም፤ በኅዳር ገደማ፣ የችግኝ ጣቢያው የዘር ግዢ ዝርዝር ሲፈረም ነው። ያንን ዝርዝር አስወጥቶ ያነበበ ጋዜጠኛም ሆነ የምክር ቤት አባል እስካሁን አላየሁም።